ኮምፒውተርን በውሃ ማቀዝቀዝ፦ የቡሬን ከፍታ ያገናዘበ ምርጫ

ኮምፒውተርን በውሃ ለማቀዝቀዝ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰር የመዳብ ብሎክ፣ ፓምፕ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ቱቦ፣ መጋጠሚያና ራዲያተር ከነፋኖቹ ያስፈልጋሉ። ውሃው ከብሎኩ ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ሙቀቱን የሚያስወግደው ግን በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ነው። ምርጫው ከራዲያተሩ መጀመር ያለበትም ለዚህ ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። የወይና ደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ቢክስም፣ ለፕሮሰሰር ብቻ ባለ 240 ሚሊሜትር፣ ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረ ደግሞ ቢያንስ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር መግዛት ይበጃል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የብረት ቅልቅል ነው። የመዳብ ብሎክና የአሉሚኒየም ራዲያተር አንድ ውሃ ሲጋሩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ዝቃጩም የብሎኩን ፀጉር መሳይ ቦዮች ይደፍናል። የቧንቧ ውሃም ማዕድን ስላለው አይሆንም፤ ዝገት መከላከያ ያለው የተዘጋጀ ፈሳሽ ይሻላል። ለጀማሪ በመቀስ የሚቆረጠው ለስላሳ ቱቦ ይመረጣል፤ መጋጠሚያው ከቱቦው የውስጥና የውጭ ስፋት ጋር ልክ ይሁን። ተገጥሞ ሲያልቅ ለፓምፑ ብቻ ኃይል ሰጥቶ፣ በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፎ፣ 24 ሰዓት ያህል አለማፍሰሱን ማረጋገጥ ግድ ነው።