ወረርሽኝና የአክሲዮን ገበያ በፊዚክስ ዓይን

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ሰኞ ጠዋት፣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገና ከመከፈቱ ግብይቱ ተቋረጠ። ዋጋዎች ከሰባት በመቶ በላይ ስላሽቆለቆሉ፣ በየቤታችን ቆጣሪ አጠገብ እንደሚገኘው ብሬከር ሁሉ፣ ገበያውን ለ15 ደቂቃ የሚያቋርጠው ደንብ ተግባራዊ ሆነ። ደቂቃዎቹ አልቀው ገበያው ሲከፈት ውድቀቱ ቀጠለ። አምስት መቶ ያህል ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ዋጋ በአንድነት የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው ጠቋሚ በዚያች ዕለት ብቻ 12 በመቶ ያህል ወረደ። በዚያው ወር በ9፣ በ12፣ በ16 እና በ18 ኛው ቀን ይኸው ብሬከር አራት ጊዜ ሠርቷል።

የፊዚክስ መምህር ስለ አክሲዮን ምን አገባው የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ ከ120 ዓመታት በፊት ይጀምራል። ሉዊ ባሸልዬ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ለዶክትሬት ማሟያ ባቀረበው ጥናት፣ በገበያ ውስጥ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ በትናንሽ እርምጃዎች በዘፈቀደ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በሒሳብ አስረዳ። አልበርት አይንስታይን በውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ ብናኝ በሞለኪውሎች እየተገፋ የሚያደርገውን የብራውን እንቅስቃሴ በተመሳሳይ ሒሳብ የተነተነው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1905 ነው። በዚህ ጉዳይ የገበያ ጥናት ፊዚክስን ቀድሞታል ማለት ይቻላል፤ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ደስ የሚል ነገር ባይሆንም።

የዘፈቀደ እርምጃዎች ሲደማመሩ የደወል ቅርጽ ያለውን ኩርባ፣ ማለትም መደበኛ ስርጭትን ይሰጣሉ። እስቲ ይህንን በማርች 16 ላይ እንፈትነው። በረጅም ጊዜ ሲታይ የጠቋሚው የዕለት ለውጥ መደበኛ ልይይት 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የ12 በመቶ ውድቀት ከአማካዩ 12 መደበኛ ልይይቶች ይርቃል ማለት ነው። ኩርባው ትክክል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ቀን የመከሰት ዕድሉ፣ አንድን ከኋላው 33 ዜሮዎች ላሉት ቁጥር ስናካፍል ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። ዩኒቨርስ ከተፈጠረ ወዲህ ያለፉት ቀናት ግን 5 ትሪሊዮን ቢሆኑ ነው፤ ይህም ከኋላው ያሉት ዜሮዎች 12 ብቻ ናቸው። ፈጽሞ ሊሆን የማይገባው ቀን ግን ሆነ። ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ይኸው ጠቋሚ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወድቆ ነበር።

ብንዋ ማንደልብሮት የተባለው የሒሳብ ሊቅ የጥጥ ዋጋን አጥንቶ፣ ታላላቅ ለውጦች ኩርባው ከሚፈቅደው እጅግ በዝተው እንደሚታዩ እ.ኤ.አ. በ1963 አሳይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ በዩጂን ስታንሊ የሚመራው የፊዚክስ ተመራማሪዎች ቡድን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአክሲዮን ዋጋዎችን መርምሮ አንድ ቀላል ሕግ አገኘ፦ ከታላላቆቹ ለውጦች መካከል፣ የለውጡ መጠን በእጥፍ ሲያድግ ድግግሞሹ ወደ ስምንተኛ እጁ ብቻ ይወርዳል። በደወሉ ኩርባ ግን ከሁለት ልይይት ወደ አራት ስንሻገር ድግግሞሹ ከሰባት መቶ እጅ ወደ አንድ ይወድቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ባለገንዘቡን የሚያከስረው ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በውኃ ውስጥ ያለ ብናኝ የጎረቤቱን ብናኝ ፊት አያይም። ገበያተኛ ግን ያያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ሰሞን የሎሚ፣ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ዋጋ እንዴት እንደናረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ገዢው የተሻማው ዝንጅብል ያድናል ብሎ ስላመነ ብቻ አልነበረም፤ ሌላው ሲሻማ ስላየና ነገ እንዳያጣ ስለሰጋ ጭምር ነው። በማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ወደ ጎረቤቶቹ አቅጣጫ መዞርን እንደሚመርጥና ከተወሰነ የሙቀት መጠን በታች ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን እንደሚሰለፉ ሁሉ፣ ስጋት ላይ ያለ ገበያም በድንገት ወደ አንድ ወገን ይዞራል። በወረርሽኝ ጊዜ እንግዲህ ሁለት ነገሮች ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ቫይረሱና ፍርሃቱ።

የሚገርመው ግን ፍርሃቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የቻይናዋ ዉሃን ከተማ የተዘጋችው በጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ነበር። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ግን ከዚያ በኋላ እየወጣ በፌብሩዋሪ 19 ከፍተኛ ደረጃውን ያዘ። የመጀመሪያው ከባድ ውድቀት የደረሰው በሰሜን ኢጣሊያ ከተሞች መዘጋት በጀመሩበት ሳምንት፣ በፌብሩዋሪ 24 ነው። የሰው አእምሮ እኩል በእኩል የሚጨምርን ነገር መገመት ይችላል፤ እጥፍ በእጥፍ የሚባዛውን ግን አይችልም። በየሦስት ቀኑ የሚደግም 100 ታማሚ በ30 ቀን ውስጥ አሥር ጊዜ ደግሞ ከ100,000 ያልፋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግን ገና 3,200 ነው፤ ያን ጊዜ «ያን ያህል አይደለም» ይባላል።

ፍርሃቱ ከመጣ በኋላ ግን ውድቀቱ ከልክ አለፈ። ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ጠቋሚው 34 በመቶ አጣ። ይህ ቁጥር ከምን እንደመጣ በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንድ ኩባንያ በየዓመቱ 100 ብር ያለማቋረጥ ያተርፋል እንበል። ባለገንዘቦች ከዚህ ዓይነት ንብረት በዓመት 5 በመቶ የሚሹ ከሆነ፣ ለኩባንያው የሚከፍሉት ዋጋ 100 ለ0.05 ተካፍሎ 2,000 ብር ይሆናል። ወረርሽኙ የመጪውን ዓመት ትርፍ ሙሉ በሙሉ ቢያጠፋ ዋጋው የሚቀንሰው 95 ብር ያህል፣ ማለትም ከ5 በመቶ በታች ነው። የፈሩ ባለገንዘቦች ግን ለስጋታቸው ካሳ 7.5 በመቶ ቢጠይቁ፣ ዋጋው ወደ 1,333 ብር ይወርዳል፤ ይህም የአንድ ሦስተኛ ውድቀት ነው። እንግዲህ ገበያውን ይበልጥ የጣለው የጠፋው ትርፍ ሳይሆን የጨመረው ስጋት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

በብድር ገንዘብ አክሲዮን የገዙ ድርጅቶች ዋጋ ሲወርድ አበዳሪያቸው ተጨማሪ መያዣ ይጠይቃቸዋል፤ ለመክፈልም ይሸጣሉ፤ ሽያጩ ዋጋውን ዳግም ያወርደዋል። በማርች አጋማሽ በክፉ ቀን መሸሸጊያ ናቸው የሚባሉት ወርቅና የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ሳይቀሩ ለጥሬ ገንዘብ ሲባል ተሽጠዋል። ይህን ሰንሰለት የበጠሰው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ባንኩ በማርች 15 ወለዱን ወደ ዜሮ አቅራቢያ አወረደ፤ በማርች 23 ደግሞ ያለ ገደብ ቦንድ እንደሚገዛ አስታወቀ። ገበያው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተነሥቶ በኦገስት 18 ከቀድሞው ከፍተኛ ደረጃ አለፈ። በወቅቱ በተመዘገበው ቁጥር መሠረት፣ ዋጋው ከሥር በደረሰበት ቀን በአሜሪካ የሞቱት ገና አንድ ሺህ አልሞሉም፤ አዲሱ ከፍታ ላይ ሲወጣ ግን ከ160,000 በልጠው ነበር። ገበያ የሟቾች መቁጠሪያ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. የ1918ቱ፣ በእኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በመላው ዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደፈጀ ይገመታል፤ የኒውዮርኩ ዳው ጆንስ ግን ያን ዓመት አድጎ ነው የጨረሰው። ያን ጊዜ የዓለም ጦርነት እየተገባደደ ነበር፤ የንግድ እንቅስቃሴም እንደ 2020 በስፋት አልተዘጋም።

ልምድ ያላቸው ባለሀብቶችም በአንድ መንገድ አልሄዱም። ዋረን ባፌት፣ በወቅቱ ይመሩት የነበረው ኩባንያ በአራት የአሜሪካ አየር መንገዶች የነበረውን አክሲዮን በሙሉ መሸጡን በሜይ 2020 ተናገሩ። ስድስት ወር ቆይቶ፣ በኖቬምበር 9፣ ፋይዘርና ባዮንቴክ የክትባታቸው ውጤታማነት ከ90 በመቶ እንደሚበልጥ ሲያስታውቁ፣ የመርከብ ሽርሽር የሚያካሂደው የካርኒቫል አክሲዮን በአንድ ቀን 39 በመቶ ገደማ ዘለለ፤ ሰዎች ከቤት ሆነው የሚሰበሰቡበት የዙም አክሲዮን ደግሞ 17 በመቶ ያህል ወደቀ። ለሰው ልጅ ሁሉ የምሥራች የሆነው ዜና ለዙም ባለአክሲዮን ኪሳራ ነበር።

ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ የአክሲዮን ገበያ አልነበረንም፤ ስለዚህ በዋጋ የተጻፈ የፍርሃት መዝገብ የለንም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆኗል። ገዢና ሻጭ ጥቂት በሆኑበት ገበያ ዋጋ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ በድንገት ሊዘል ስለሚችል፣ የስታንሊ ቡድን ያገኘው የስምንተኛ እጅ ሕግ በአዲስ አበባ ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። የጥቂት ዓመታት የዕለት ዋጋ ሲጠራቀም ግን አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወረቀትና በኮምፒዩተር ሊፈትነው የሚችል ጥያቄ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉም ክፍት ነው።