ሸክላን ማጫወትና በሸክላ መጫወት

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ አዝማሪ ሲጫወት አይታችሁ ይሆናል። የመሰንቆው ጭራ አንድ ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ብዙ ነው። የአዝማሪው የግራ እጅ ጣቶች ጭራውን በተለያየ ቦታ ሲነኩት፣ ቀኝ እጁም ደጋኑን ሲስብና ሲገፋ፣ ያው አንድ ጭራ ሲያዝንም ሲደሰትም ይሰማል። እንግዲህ ለዜማው መገኘት ከመሣሪያው ይልቅ የእጅ ጥበብ ይበልጣል ማለት ነው። ይህንኑ እውነት ከሩቅ አገር በመጣ ምሳሌ እንመልከት።

የሸክላ ማጫወቻ በመጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያ እንዲሆን አልተሠራም። ተግባሩ በሸክላው ጠባብ ቦይ ውስጥ የተቀረጸውን ድምፅ በመርፌ አማካይነት መልሶ ማሰማት ብቻ ነበር። በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለጭፈራ ግብዣዎች ሸክላ ያጫውት የነበረው ትውልደ ጃማይካዊው ዲጄ ኩል ሄርክ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ጭፈራው የሚደምቀው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ጎልቶ በሚሰማበት አጭር ጊዜ ነበር። ስለዚህ የአንድን ዘፈን ሁለት ሸክላዎች በሁለት ማጫወቻዎች ላይ አድርጎ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላውን እያስከተለ ያን አጭር ጊዜ አስረዘመው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር የተባለ የብሮንክስ ልጅ ሸክላውን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ፣ የሚወጣውን የፍቀት ድምፅ ከምቱ ጋር አስማማው። ይህ ስልት ስክራች ይባላል። ሸክላው ፈጥኖ ሲገፋ ድምፁ ይቀጥናል፤ በዝግታ ሲሳብ ይወፍራል። ሌላው እጅ ደግሞ ድምፁን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ይህ መግፋትና መሳብ የአዝማሪውን ደጋን አያስታውሳችሁምን?

የእኛ አገር ሸክላዎችም ከሂፕ ሆፕ ጋር ተገናኝተዋል። ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» የተቀነጨበ ዜማ፣ ናስና ዴሚየን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ዘፈን ውስጥ ገብቷል።

«አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ የተቆጠረበት ዘመን ነበረ። ሸክላ ፋቂውንም «ዕቃ አበላሽ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለም» የሚሉ አልጠፉም። ሆኖም ሁለቱም ለዓመታት እጃቸውን ያሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ሙያን ሳይመረምሩ መናቅ ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

እናንተም ከብት መንጃው ጅራፍ በቡሄ ሰሞን እንዴት የደስታ ድምፅ ማሰሚያ እንደሚሆን አስቡ፤ አገማመዱንና አጯጯሁንም በቅደም ተከተል የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።