ከዲዛይነሩ ዕቃ ሁሉ የተናቀው

ሰው የዲዛይነር ጠረጴዛ ሲጎበኝ ዓይኑ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ላፕቶፑን ዞር ዞር አድርጎ እያየ «ራሙ ስንት ነው?» ይላል። ስለነዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ራም 16 ጊጋ ቢሆን ደስ ይላል፤ ስክሪኑ ቀለም የማያሳስት ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ፋይል ለማስቀመጥ ፋታ የሚሰጥ ዩፒኤስ የግድ ነው። ለሎጎ ኢለስትሬተር፣ ለፎቶ ፎቶሾፕ፣ ለመጽሐፍና ለመጽሔት ኢንዲዛይን። ኮረልድሮው የለመደ በኮረልድሮው ይሥራ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። ገንዘብ ያጠረው ጀማሪ ኢንክስኬፕንና ጊምፕን በነጻ ያገኛል፤ ከተሰረቀ ሶፍትዌርና ተከትሎት ከሚመጣው ቫይረስ በብዙ ይሻሉታል። በእስክሪብቶ የሚሠራው ታብሌት በእጁ ለሚስል ሰው ነው፤ ለባነርና ለቢዝነስ ካርድ ጥሩ ማውስ ይበቃል።

እኔ የማወራው ማንም ስለማይጠይቀው ዕቃ ነው፤ ስለ ፎንት። ደንበኛ ለስክሪንና ለፕሪንተር ይከራከራል፣ ለወረቀት ውፍረት ይከራከራል፤ በፎንት ላይ ሲደርስ «ደስ ያለህን አድርገው» ብሎ ይሄዳል። ሲታተም ግን መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው።

አንድ የማይሞት የተሳሳተ ሐሳብ አለ፦ «የድሮውም ፎንት፣ ዩኒኮዱም ያው አማርኛ ነው»። አይደለም። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተሠሩት ኮምፒዩተር ለአንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ በሚሰጥበት ዘመን ነበር። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ይጠባል። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፋይል ከፈለው፤ ሌላው እንደ አማርኛ ታይፕራይተር ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ገጣጠመው። ሁሉም ያደረጉት ግን አንድ ነው፤ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ሥዕል አስቀመጡ። በዚያ ጊዜ ሌላ መንገድ ስላልነበረ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ዛሬ ግን እንደዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል፤ ፍለጋም አያገኘውም፣ ወደ ቴሌግራምም አይገለበጥም።

የየቋንቋውን ፊደላት በአንድ ሠንጠረዥ የሚመድበው መስፈርት፣ ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው። አቀማመጡን ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ለእያንዳንዱ ፊደል የተመደበው መስመር ስምንት ቦታ አለው፦ ከ«ለ» እስከ «ሎ» ሰባቱ፣ በስምንተኛው «ሏ»። ከ«መ» እስከ «ሞ»፣ ከዚያ «ሟ»። እንደ «ቀ» እና «ከ» ያሉት ዲቃላቸው ብዙ ስለሆነ ተጨማሪ መስመር ተሰጥቷቸዋል። ፊደል ገበታን ያጠና ሰው ሠንጠረዡን ሳይቸገር ያነበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ወደ ሐሰተኛው ደማቅ።

ሰው ርዕስ ማድመቅ ሲፈልግ ደማቅ የምትለዋን ቁልፍ ይጫናል። ፎንቱ ለብቻው የተሣለ ደማቅ ፋይል ካለው እሱ ይመጣል። ከሌለው ግን አንዳንዱ ሶፍትዌር ዝም አይልም፤ የቀጭኑን ፊደል ጠርዝ በዙሪያው ያወፍረዋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። በነጻ የሚገኘው አቢሲኒካም እንዲሁ። ሁለቱም ለንባብ ያማሩ ናቸው፤ ሁለቱም በዚህች ቁልፍ በየቀኑ ይበላሻሉ።

በላቲን ፊደል ጉዳቱ ብዙም አይታይም። በእኛ ግን ትርጉም ይነካል። «ቢ» ከ«ቤ» የሚለየው በምንድን ነው? በቀኝ እግሩ ጫፍ ባለችው ነገር ነው፤ ለ«ቢ» አጭር ሰረዝ፣ ለ«ቤ» ትንሽ ቀለበት። ጠርዙ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈናለች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እግራቸው ላይ አንዳች ጉብታ ያለባቸው ፊደላት ናቸው። «ኬክ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ከመንገድ ማዶ «ኪክ ቢት» ይሆናል። አንባቢው ከልምዱ አቃንቶ ስለሚያነበው ዲዛይነሩ ያመለጠ ይመስለዋል። የሰው ስም ሲሆን ግን ከምን ልምዱ ያቃናዋል?

በሊድ (በእርሳስ ፊደል) ኅትመት ዘመን ፊደል ለቃሚ የነበሩ አንድ አዛውንት ይህን ሳሳያቸው ሳቁ። «በእኛ ጊዜ ደማቁ መሳቢያው ውስጥ ከሌለ የለም ነው። በትልቁ ቀጭን ታትመዋለህ እንጂ ፊደሉን አትቀጠቅጠውም» አሉኝ። ጋሼ እውነት አላቸው። መፍትሔውም ያው ነው፤ ወይ መጠኑን ከፍ አድርግ፣ ወይ እውነተኛ ደማቅ ያለው ፎንት ተጠቀም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ጥቁር ድረስ ዘጠኝ ውፍረት አላቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተዘጋጀ ነው፣ ዋጋቸውም ዜሮ ነው።

ፊደል ማጋደሉንም ተዉት። የብራና ጸሐፊዎቻችን አጉልተው ማሳየት የፈለጉትን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር እንጂ ፊደሉን አላጋደሉም።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። «።» አንድ ምልክት ነው፤ የራሱ ቦታ አለው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል፣ ይባስ ብሎም የላቲኑን። በስልክ ላይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። በባነር ላይ የፊደሎቹን መራራቅ ከፍ ሳደርግ ግን ሁለቱ ጥንድ ይለያያሉ፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተከፍቶ ይቀራል። ከደንበኛ ጽሑፍ ሲመጣልኝ ሌላ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ የማደርገው እነዚህን ፈልጎ መተካት ነው።

የመስመር ክፍተትም አለ። ኢንዲዛይንና ኢለስትሬተር በራሳቸው የሚሰጡት የፊደሉን መጠን 120 በመቶ ነው። የእኛ ፊደል ግን አብዛኛው ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም ገጹ ይታፈናል፤ እኔ ከ140 አልወርድም። ገጹ ቢረዝምም ይርዘም።

እንግዲህ ለዲዛይነር ሥራ የምትሰጡ ሁሉ፣ ጽሑፋችሁን በዩኒኮድ ጻፉ፤ በፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ሎጎውን ከዎርድ ውስጥ ቀድታችሁ ሳይሆን ዋናውን ፋይል ስጡን፤ በቴሌግራም ከሆነም «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳልና። ለኅትመት ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ርዕሱን በእውነተኛ መጠኑ አሳትማችሁ፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ «ቤ»ዋን እዩ።