ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ ኃይል በሚጻፈው አማርኛ የስያሜዎች መደባለቅ

የፀሐይና የነፋስ ኃይል የድንጋይ ከሰልን፣ የነዳጅ ዘይትንና የተፈጥሮ ጋዝን ሊተካ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ከባዕዳን ቋንቋዎች ወደ አማርኛ እየተመለሰ በጋዜጣም በመማሪያ መጻሕፍትም በየጊዜው ይቀርባል። ጥያቄው በመሠረቱ የመሐንዲሶች ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ለአማርኛ አንባቢ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ የምናገኘው ምሕንድስናው ስለተሳሳተ ሳይሆን ስያሜዎቹ ስለተደባለቁ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግሩትን ጥቂት ቃላት እንመረምራለን።

ዋነኛው «ኃይል» የተባለው ቃል ነው። ሠራዊትም፣ ሥልጣንም፣ ጉልበትም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በኤሌክትሪክ ረገድ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ባንድነት ተሸክሟል፤ ይኸውም አንድ ማመንጫ በአንድ ቅጽበት ሊሰጥ የሚችለውን መጠንና በወራት ወይም በዓመት ውስጥ ሰጥቶ የተጠራቀመውን ድምር ነው። የፊተኛው በሜጋዋት፣ የኋለኛው በሜጋዋት ሰዓት ይለካል። ልዩነታቸው የቧንቧ ስፋትና የጋን ሙላት ያላቸውን ልዩነት ይመስላል፤ ቧንቧው የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ውኃው በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጋኑ አይሞላም። ይህን ለከተማ ነዋሪ ማብራራት የሚያሻ አይመስለንም።

ልዩነቱ ሲዘነጋ የሚከተለውን በቁጥር ማየት ይቻላል። በመቀሌ አቅራቢያ የተሠራውና በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫ 84 ተርባይኖች ሲኖሩት የማመንጨት አቅሙ 120 ሜጋዋት ነው። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ በሚፈለገው ብርታት ቢነፍስ ኖሮ 1,051 ጊጋዋት ሰዓት ያህል በተገኘ ነበር። ነፋስ ግን እንዲያ አይነፍስም፤ ሲሶው ተገኘ ብንል 350 ያህል ይሆናል። ይህን የሚያነብ ሰው «ነፋስ ከተባለለት ሲሶውን ብቻ ይሰጣል» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ነገር ግን በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ሆኖ ሳለ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያለማቋረጥ በሙሉ አቅም ቢሠራ ሊሰጥ ከሚችለው ከ45,000 ከሚበልጠው ጋር ሲነጻጸር ይህም ከሲሶ ብዙ አይርቅም። ጉድለቱ እንግዲህ የነፋስ ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ሌላ ነው፤ ግድቡ ውኃውን ይዞ በተፈለገ ሰዓት ሲለቅ፣ ነፋስ ግን አይያዝም።

በመሆኑም ለሜጋዋቱ «የማመንጨት አቅም»፣ ለሜጋዋት ሰዓቱ «የመነጨ ኃይል» እንዲባል፣ የሁለቱ ንጽጽርም «የአቅም ምጣኔ» ተብሎ እንዲሰየም እንመርጣለን። «ኃይል» ብቻውን ከቁጥር ጋር ባይገባ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር አንዲት ፊደል የምታመጣውን ጥፋት ሳንጠቅስ አናልፍም። «ኪሎዋት በሰዓት»፣ «ሜጋዋት በሰዓት» የሚለው አጻጻፍ እጅግ ተስፋፍቷል። «ኪሎሜትር በሰዓት» ስንል «በ» ማካፈልን ያመለክታል፤ መንገዱ ለሰዓቱ ይካፈላል። ኪሎዋት ሰዓት ግን የብዜት ውጤት ነው፤ አንድ ኪሎዋት የሚስብ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ «በ»ን የጨመረ ተርጓሚ ድምሩን ወደ ፍጥነት ለውጦታል ማለት ነው። ትክክሉ «ኪሎዋት ሰዓት» ነው።

ወደሚተኩት ነገሮች ስንመለስ፣ «ነዳጅ» ከ«ነደደ» የወጣ በመሆኑ የሚነደውን ሁሉ ሊያጠቃልል በተገባው ነበር፤ በልማድ ግን ለቤንዚንና ለናፍጣ ተወስኗል። ስለዚህ የድንጋይ ከሰልንም ጋዝንም ለመጨመር «የቅሪተ አካል ነዳጅ» የሚለው ረጅም ስያሜ የግድ ያስፈልጋል። «ከሰል» ብቻ ብሎ መጻፍ አንባቢው ከእንጨት የከሰለውን፣ በማንደጃ የሚቀጣጠለውን እንዲያስብ ያደርገዋል። «ጋዝ»ም እንዲሁ ነው፤ በብዙ ቤት ጋዝ ማለት ላምባ ስለሆነ «የተፈጥሮ» የሚለው ቅጽል ሊቀር አይገባውም።

«መተካት»ም የሚተካውን ካልጠቀሱለት ያሳስታል። የጀርመን ነፋስ ከድንጋይ ከሰልና ከተፈጥሮ ጋዝ ማመንጫዎች ጋር ይተካካል። በኢትዮጵያ ግን የኤሌክትሪኩ አብዛኛው ክፍል ከውኃ የሚገኝ ስለሆነ ነፋስ በመስመሩ ላይ የሚያድነው ናፍጣን ሳይሆን የግድብ ውኃን ነው። የቅሪተ አካል ነዳጁ የሚነደው በተለይ በመኪና ውስጥ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ነፋስ ናፍጣን ይተካል ለማለት መንገድ ተከፍቷል፤ መንገዱም የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በወጥ ቤት የሚነደው ማገዶና ኩበት ደግሞ ቅሪተ አካል ስላልሆነ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

«ታዳሽ ኃይል» በትክክል ሲመረመር ጥቂት እንከን አለበት፤ የሚታደሰው ደን እንጂ ፀሐይ አይደለችም። በምትኩ «የማይነጥፍ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፀሐይ በየምሽቱ ትነጥፋለች። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ጀርመኖች በክረምታቸው ፀሐይም ነፋስም ባንድነት የሚጠፉበትን ጊዜ «ዱንክልፍላውተ» ይሉታል፤ ጨለማና የነፋስ ርጋታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይህ በደረሰ ጊዜ የኤሌክትሪክ ዋጋ በጣም ንሮ ነበር። ቃሉን ቃል በቃል «ጽልመታዊ ርጋታ» ማለት የጸሎት መጽሐፍ ያስመስለዋል፤ «ድርቅ» ማለትም ለእኛ አንባቢ ረኃብን ያስታውሳል። ላም ወተቷን ከምታቆምበት ግስ «ንጥፈት» ብንል የተሻለ ነው፤ የነጠፈች ላም ስትወልድ ትታለባለችና።

ንጥፈቱን የሚያሻግረው ማከማቻ «ቋት» ይባል። «የመረጃ ቋት» አስቀድሞ ስለለመደ ቃሉ እንግዳ አይሆንም። ባትሪ የሰዓታት ቋት ነው፤ በግድብ የታቆረ ውኃ የወራት ቋት ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከነፋስ ስታገኝ የኖርዌይና የስዊድን ግድቦች በመስመር ተያይዘው እንደ ቋት ያገለግሏታል። በኢትዮጵያ ሁለቱም በአንድ አገር ይገኛሉ፤ ነፋሱም የሚበረታው በአመዛኙ ውኃው በሚጎድልበት በበጋ ነው። እንዲህ ባለው ጽሑፍ «ግድብ» እና «ቋት» እንዳይደባለቁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ግድቡ ግንቡ ሲሆን ቋቱ ከግንቡ ኋላ የተኛው ውኃ ነው።