እግር ያጠበ ሐኪም
ስለ ዝሆኔ በሽታና ስለ ዶክተር ናታን ባርሎ

 ይህ ትምህርት በሬዲዮ የቀረበ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አሳጥረነዋል፣ ጥቂት ቦታ ደግሞ አስፍተነዋል። ዛሬ የምናወራው ስለ እግር ነው። አዎ፣ ስለ እግር!

ጳውሎስ በቆላስይስ 4፥14 ሉቃስን ሲጠቅስ የተወደደ ሐኪም ይለዋል። ሐኪም በእውቀቱ ሊከበር ይችላል፤ መወደድ ግን ሌላ ነገር ነው። የወላይታ ምድርም የተወደደ ሐኪም ነበራት፤ ዶክተር ናታን ባርሎ ይባላሉ። በዕድሜ የገፋችሁ አባቶችና እናቶች ስማቸውን ስትሰሙ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ወጣቶች ግን በሶዶ ከተማ ስትወጡ ስትገቡ እየዋላችሁም ላታውቋቸው ትችላላችሁ።

ወንጌል ወደ ወላይታ የመጣው ከመድኃኒት ቦርሳ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን ሲመጡ መሪያቸው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ራሳቸው ሐኪም ነበሩ። ጣሊያን በ1937 ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲዘምር አገኙ። ይህን ታሪክ በየኮንፈረንሱ ስለምንሰማው አላረዝመውም። ባርሎ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ። ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ዕድሜያቸውን ለዚህ አገር ሰጡ።

ታዲያ ሐኪም ብዙ ነው፤ እኚህን ሰው ለየት የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ማንም ሊነካው የማይፈልገውን እግር መንካታቸው ነው።

ዝሆኔን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደሚወጣው ሽበት ያለ ሸካራ ነገር ያወጣል። ፈረንጆቹ “ሞሲ ፉት” ያሉት ለዚህ ነው። ሲቆስል ይሸታል። ሽታው ሲመጣ ጎረቤት ይርቃል። ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ እጮኛ ቃሉን ያጥፋል፤ የታማሚው እህት ጤነኛ ሆና ሳለ “ከእነዚያ ቤት አናገባም” ትባላለች። ወገኖቼ፣ ይህ በገበያ ብቻ የሚሆን አይደለም። በቤተ ክርስቲያንም በር አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እግሩን በነጠላ ሸፍኖ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ቃለ ቡራኬ ከመሰጠቱ በፊት ተነሥቶ የሚወጣውም እሱ ነው።

በሽታው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው እርግማን ነው ይላል፤ መተት ነው፣ እባብ ረግጦ ነው የሚልም አለ። ቁም ነገሩን በደንብ ያብራሩት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ የእነዚህን እግሮች ነገር ተከታተሉ። በታማሚዎቹ ንፍፊት ውስጥ ከአፈር የመጣ እጅግ ደቃቅ ብናኝ አገኙ። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አሉት፤ በግሪክ ቋንቋ “እግር” እና “አቧራ” ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው።

እስቲ ወደ ዳሞታ ተራራ ቀና በሉ። ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ በዘመናት ዝናብ እየተሸረሸረ ያን ለም ቀይ አፈር ሰጠን። እንሰቱም፣ ስኳር ድንቹም፣ ጎዳሬውም ከእሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚሁ አፈር ውስጥ ግን ዓይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ አለ። ባዶ እግሩን ለዓመታት የሚያርስ ሰው ብናኙ በቆዳው ውስጥ ይገባበታል። ከቆዳ ሥር ፈሳሽ የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ፤ ብናኙ እነሱን ያስቆጣና ይደፍናቸዋል። የመንገድ ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጎን ይተኛል። እግርም እንዲሁ ነው፤ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። እብጠቱ ከታች ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት በታች ይቆማል። ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላ ዓይነት ዝሆኔም አለ፤ የእኛ ደጋ በሽታ ግን ከአፈር ነው።

ስለዚህ አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ እጅ መጨበጥ፣ በአንድ ወንበር መቀመጥ አያስይዝም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

“ታዲያ ለምን በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይይዛል?” ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የእርግማኑ ወሬ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። በእኛው በወላይታ ሕዝብ መካከል የተደረጉ ጥናቶች መልሱን ሰጥተዋል። አንዳንድ ሰው አፈሩ ቶሎ የሚጎዳው ሆኖ ይወለዳል። ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመችበት ሰው ከሌላው 5 እጥፍ ያህል ይበልጥ ይጋለጣል። ይህ እንግዲህ ቁመት ወይም የዓይን ቀለም በዘር እንደሚወረሰው ነው። ጫማ ካደረገ ግን ያ ሰው በሽታው አይነካውም! እርግማን በጫማ ይሻራል እንዴ? በዮሐንስ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ ሲጠይቁ፣ ጌታ የእሱንም የወላጆቹንም ስም ከክሱ ነጻ አወጣ። ከዚያ ምን አደረገ? አፈር አንሥቶ ጭቃ ሠራ፣ ዓይኑን ቀባ፣ “ሂድና ታጠብ” አለው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 በላይ በዚህ በሽታ እንደሚሠቃይ አሳይቷል። እስቲ በእሁድ ጉባኤያችሁ ቁጠሩ፤ 400 ሰው ካለ 20 ሰው ማለት ነው። ሃያዎቹን አይታችኋቸዋል? ካላያችኋቸው፣ ቤታቸው ቀርተዋል ማለት ነው።

ወደ ዶክተር ባርሎ ልመለስ። ጡረታ ወጥተው፣ ዕድሜያቸው ከ80 ዘልቆ፣ ሌላው የልጅ ልጅ በሚያቅፍበት ጊዜ ወደ ወላይታ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ የሚሠራ አገልግሎት ጀመሩ። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው፦ ሳሙና፣ ውሃ፣ ቅባት፣ ጫማ። ያበጠ እግር ገበያ ላይ ያለ ጫማ ስለማይገባለት፣ በልክ የሚሰፋ ትልቅ ጫማ የሚሠሩ ሰዎች ሰለጠኑ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ የዳኑት ታማሚዎች ራሳቸው አካሚ ሆኑ። ትናንት የተሸሸ ሰው ዛሬ የሌላውን እግር ይዞ ያጥባል፣ የራሱንም እግር አሳይቶ “እኔም እንዳንተ ነበርኩ” ይላል። ይህንን የትኛው ፕሮፌሰር ሊናገር ይችላል? ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ2004 ዐረፉ፤ ሥራው ግን በአገሬው ልጆች እጅ ቀጠለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 በሽታውን ከተዘነጉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መካከል ቈጠረው።

አሁን ስለ ፈውስ። እኔ ጴንጤቆስጤ ፓስተር ነኝ። በፈውስ አምናለሁ፣ እጄን እጭናለሁ፣ ነገም እጭናለሁ። ነገር ግን በአንዳንድ መድረክ “መድኃኒት ከነካህ እምነት የለህም” ሲባል ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል። ንዕማንን አስታውሱ፤ 2ኛ ነገሥት 5። ትልቁ ሹም ነቢዩ ወጥቶ እጁን እንዲያወዛውዝለት ጠበቀ፤ የተነገረው ግን ሄዶ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ነው። ተቆጣ! ነገሩ ቀለለበት። አገልጋዮቹ ባይመክሩት ኖሮ ከነለምጹ ወደ ሶርያ ይመለስ ነበር። እኛም ዘይቱን እንወዳለን፣ መታጠቢያ ሳፋው ግን ይቀልብናል።

እንግዲህ ሳፋው እንዲህ ነው። እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በተለይ በጣቶቹ መካከልና ቆዳው በተጣጠፈበት። ከዚያ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፤ የበረኪናውን ልክ ጤና ጣቢያ ያሳያችኋል፣ በግምት አታድርጉ፣ ቆዳ ይልጣል። በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ከዚያ ካልሲና ጫማ። እግሩ በድንገት ቢግል፣ ቢቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ቢል እረፍትና ሕክምና ያስፈልገዋል፤ “መንፈስ ተነሣበት” ተብሎ ሌሊቱን አይቁም። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች እንዲህ ያለው መነሣት በአምስተኛ ያህል እንደቀነሰላቸው አረጋግጧል። በመጀመሪያው ደረጃ የተያዘ እብጠት ብዙ ይመለሳል፤ የቆየው ይቀንሳል፣ ሽታውና ቁስሉ ይጠፋል፣ ሰውየው ወደ እርሻው ይመለሳል።

ልጆቻችሁንም ተመልከቱ። ለጊፋታ ጫማ እንገዛለን፣ ከዚያ “እንዳያልቅ” ብለን ለእሁድ እናስቀምጠዋለን። ልጁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባዶ እግሩን ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ያግዳል። ጫማው ለጭቃው ቀን ነው እንጂ ለስብከቱ ቀን አይደለም! ሌሊት እግሩን የሚያሳክከው፣ የሚያቃጥለው፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድልለት ልጅ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩት።

ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ሆይ፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥10ን አንብቡ፤ ጳውሎስ መበለቶችን ሲመዝግብ የቅዱሳንን እግር ማጠባቸውን ይጠይቃል። የእናንተ አጥቢያ ሁለት ሳፋ፣ አንድ ካርቶን ሳሙናና ጥቂት ቫዝሊን መግዛት አያቅታትም። ከሴቶች አገልግሎትና ከወጣቶች ሁለት ሁለት ሰው ምረጡ፣ ጤና ጣቢያ ልካችሁ አሠልጥኗቸው። ከዚያ ያ በበሩ አጠገብ የሚቀመጠው ወንድም ዘንድ ቤቱ ድረስ ሂዱ። መጀመሪያ ስሙን ጠይቁት፤ ብዙ ሰው በእግሩ እንጂ በስሙ አይጠራውም። ውሃውን ቤቱ ካለው እንስራ ቅዱለት።