የአጃ አጥሚት እንዴት ይቀመጣል? መበላሸቱስ በምን ይታወቃል?

አጃ በደጋ አገር የሚበቅል እህል ነው። በአርሲ፣ በሰሜን ሸዋና በጎጃም ደጋማ ቦታዎች ይዘራል። ታምሶ፣ ተሸክሽኮና ተፈጭቶ አጥሚት ይሠራበታል። አጥሚት ለአራስ፣ ለልጅ፣ ለበሽተኛና ለሽማግሌ ይሰጣል። ጉልበት የሚሰጥ ደግ መጠጥ ነው።

በውጭ አገርም ከአጃ የሚሠራ መጠጥ አለ። የአጃ ወተት ይሉታል። በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። በደንብ የታሸገው እስካልተከፈተ ድረስ ለወራት ይቆያል። አንዴ ከተከፈተ ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ከጥቂት ቀናት አያልፍም። እንግዲህ የፋብሪካው እንዲህ ከሆነ፣ በድስት ሠርተን በምድጃ ዳር የምናስቀምጠው አጥሚትማ እንዴት ይቆያል?

አጥሚት ለምን ይበላሻል?

በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ተሕዋስያን ወይም ጀርሞች ይባላሉ። በአፈር፣ በውሃ፣ በእጃችንና በዝንብ እግር ላይ ይገኛሉ። እነሱም እንደ እኛ ምግብ፣ ውሃና ሙቀት ይፈልጋሉ። ለብ ያለ አጥሚት ሦስቱንም አሟልቶ ይዟል።

በእንዲህ ያለ ቦታ አንዳንዱ ጀርም በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንዱ ጀርም በ1 ሰዓት ውስጥ 8 ይሆናል። በ2 ሰዓት 64፣ በ3 ሰዓት 512፣ በ4 ሰዓት 4,096 ይሆናል። ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ የቆየ አጥሚት ስንቱን ይዞ እንደሚጠብቀን አስቡት!

«ታዲያ ፈልቶ የለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ማፍላት ብዙውን ጀርም ይገድላል። ነገር ግን በአፈርና በእህል ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ጀርም አለ። ይህ ጀርም ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ይተኛል። ሲፈላም ላይሞት ይችላል። አጥሚቱ በርዶ ለብ ሲል፣ ዝናብ እንዳገኘ ዘር ይነቃል፤ ይራባል። አንዳንዱም መርዝ ይተዋል። ይህ መርዝ አጥሚቱ እንደገና ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ «ያደረውን አፍልቼ እሰጠዋለሁ» ማለት ልጅን አያድንም።

ዱቄቱን እንዴት እናስቀምጥ?

ጥንቃቄው ከዱቄቱ ይጀምራል። አጃ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ ቅባት አለው። ሳይታመስ ከተፈጨ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ዱቄቱም ይመራል። እናቶቻችን አጃን የሚያምሱት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ማመሱ ዱቄቱን ያቆየዋል።

ዱቄቱ በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ዕቃው ከመሬት ከፍ ይበል፤ እርጥብ ማንኪያም አይግባበት። የሻገተ ወይም የመረረ ዱቄት አይበላም። ሻጋታ መርዝ ሊተው ይችላል፤ መርዙንም እሳት አይጨርሰውም።

የተሠራውን አጥሚት እንዴት እንያዘው?

አንደኛ፣ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ድስቱንና ጭልፋውን እናጥባቸው። ውሃው ንጹሕ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ እንሥራ። በልፋት የተገኘ እህል መድፋት ያሳዝናል። ጥቂት ከሠራን ግን የሚደፋ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ አጥሚቱ በደንብ ይንተክተክ። ከወረደ በኋላ ይከደን። በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የወረደ አጥሚት እስከ 3 ሰዓት ይጠጣ ማለት ነው። በቆላ አገር ሙቀቱ ስለሚበረታ ከዚያም ቢቀድም ይሻላል።

አራተኛ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት የተረፈውን ቶሎ አብርዶ፣ ከድኖ ያስገባው። ቶሎ እንዲበርድ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በማግስቱ እስኪንተክተክ ሞቆ ይጠጣ። ቅዝቃዜ ጀርሙን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን አጥሚት አያሳድር።

አምስተኛ፣ በአሮጌው አጥሚት ላይ አዲስ አንጨምር። ጥቂቱ አሮጌ አዲሱን ሁሉ ያበላሸዋል። እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካ መሆኑ ነው።

ስድስተኛ፣ ልጅ በስኒና በማንኪያ ይጠጣ። የጡጦ ጫፍና አንገቱ ለማጠብ ያስቸግራል፤ ጀርም ይደበቅበታል። ልጁ አፉን ያስነካውን ትርፍ ደግሞ ለሌላ ጊዜ አናስቀምጥ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ከእናት ጡት በስተቀር አጥሚትም ቢሆን አይሰጥም።

መበላሸቱ በምን ይታወቃል?

የተበላሸ አጥሚት ይኮመጥጣል። ሽታው ይለወጣል። ሳይፈላ አረፋ ያወጣል። በጭልፋ ሲያነሡት ይዝለገለጋል፤ ወይም ከላዩ ሻጋታ ይይዛል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ድፉት። ላዩን ገፎ የታቹን መጠጣት አይሆንም። ልቅመሰው ማለትም አያስፈልግም።

ውሃና ወፍራሙ ለብቻ ቢለያይስ? ይህ ብቻውን መበላሸት አይደለም። ዱቄቱ ሲዘቅጥ ነው። ትኩስ ከሆነ ቢያማስሉት ይመለሳል።

«እርጎም እኮ ይኮመጥጣል፤ የእንጀራ ሊጥም ይቦካል፤ ታዲያ አጥሚት ቢኮመጥጥ ምን አለበት?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊጡን የሚያቦካው የታወቀ እርሾ ነው፤ ኋላም በጋለ ምጣድ ይጋገራል። እርጎም በለመደ ዕቃ፣ በለመደ መንገድ ይረጋል። ኮምጣጣነቱም ብዙ መጥፎ ጀርሞችን ያግዳል። አጥሚቱን ያኮመጠጠው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዝንብ ይሁን ከእጅ፣ እንግዳ ነው። ስሙን ላላወቁት እንግዳ ደግሞ ልጅን አደራ አይሰጡም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፦ በሽታ የሚያመጣ አጥሚት ሁልጊዜ አይሸትም። ጣዕሙም መልኩም ደህና ሊሆን ይችላል። አፍንጫና ምላስ ይረዱናል እንጂ ሁሉን አይነግሩንም። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ይሸታል ወይ?» ብለን ሳይሆን «መቼ ነው የወረደው?» ብለን ነው።

ልጅ ቢታመምስ?

የተበላሸ አጥሚት የጠጣ ልጅ ሊያስመልሰውና ሊያስቀምጠው ይችላል። በተቅማጥ ጊዜ ልጅን ቶሎ የሚጎዳው የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ነው። ስለዚህ ጡት አይከልከል፤ መጠጥም አይቋረጥበት። ከጤና ኬላ ኦአርኤስ የሚባለውን ዱቄት አምጥቶ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ መበጥበጥና ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም የቀላቀለ ካስቀመጠው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አንድ ጭልፋ አጥሚት ቢደፋ በአንድ እፍኝ ዱቄት ይተካል። የልጅ ጤና ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ጥቂት ሠርቶ፣ ትኩሱን ጠጥቶ፣ ዕቃውን ማጠብ ይበጃል።

ጥያቄዎች

1. ያደረ አጥሚት እንደገና ቢፈላ ለምን አይታመንም?
2. የተበላሸ አጥሚት ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
3. እርጎ መኮምጠጡና አጥሚት መኮምጠጡ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. በቤታችሁ አጥሚት ከወረደ በኋላ ስንት ሰዓት ይቆያል? ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩበት።