የመስታወት ክፍል ልቡ በሩ ነው

በእንግሊዝ አገር የመኖሪያ ሰፈሮችን በባቡር የሚያቋርጥ ሰው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት የሆነ ክፍል በየቤቱ ጓሮ ተለጥፎ ማየቱ አይቀርም። እንግሊዞች «ኮንሰርቫቶሪ» ይሉታል። ቃሉ ከመጠበቅና ከማቆየት ጋር የተያያዘ ነው፤ በመጀመሪያ በውስጡ ከብርድ የሚጠበቁት ተክሎች ነበሩ፣ ዛሬ ግን ቤተሰብ ሻይ ይጠጣበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ይህን ክፍል ለማሠራት የተነሣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ በስፋቱ፣ በመስታወቱና በጣሪያው ላይ ያርፋል። የክፍሉን ጥቅምና ኪሳራ የሚወስነው ግን በክፍሉና በነባሩ ቤት መካከል ያለው በር ነው። በሩ ካለ ክፍሉ ለቤቱ ፀሐይ ይሰበስብለታል፤ በሩ ከተነሣ የቤቱን ሙቀት ያፈሳል።

የክፍሉ ታሪክ የብርሃን ፍለጋ ታሪክ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእንግሊዝ መኳንንት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ብርቱካንና ሎሚ ከውርጭ የሚያስጠልሉበት ቤት ያሠሩ ነበር። መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ጣሪያው ግን ድፍን ስለነበር ውስጡ ይጨልማል፤ ዊልያም ቻምበርስ የነደፈውና በ1761 በለንደን በኪው የአትክልት ስፍራ የተሠራው የብርቱካን ቤት እንኳ ለዛፎቹ የሚበቃ ብርሃን አልነበረውም። መስታወት ደግሞ ግብር ተጭኖበት ውድ ነበር። የመስታወት ግብር በ1845፣ የመስኮት ግብር በ1851 ተነሣ፤ በዚያው በ1851 አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን በለንደን ሃይድ ፓርክ ክሪስታል ፓላስን በብረትና በመስታወት አቆመ። ከዚያ ወዲህ የመስታወት ክፍል ከመኳንንቱ ግቢ ወጥቶ ወደ ባለ መካከለኛ ኑሮው ቤት ገባ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የፕላስቲክ ፍሬምና ድርብ መስታወት ለብዙኃኑ አደረሱት።

የበሩን ነገር ለመረዳት ፀሐይዋን መከተል ነው። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ርዝመት ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል፤ ፀሐይዋም በቀትር ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ጨረሯ አዘንብሎ ስለሚመጣ ወደ ደቡብ በዞረ መስታወት አልፎ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ይዘልቃል። ወለሉና ግንቡ ይሞቃሉ፤ የሞቀውም አየር መስታወቱ ስለሚያግደው ወጥቶ አይበተንም። ሲመሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ድርብ መስታወት እንኳ በደንብ ከተሸፈነ ግድግዳ ብዙ እጥፍ ሙቀት ያስወጣል። ስለዚህ ብሩህ በሆነ የማርች ቀን በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ወደ ቤት ይገባል፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በሩ ይዘጋል። በሩ በሌለበት ቤት የማታው እራት እንፋሎት ከወጥ ቤት ተነሥቶ በቀዘቀዘው መስታወት ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ጉም ይመስላል፣ ቀጥሎ ያንጠባጥባል፣ በፍሬሙ ወርዶ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ይጠራቀማል፤ ውሎ አድሮ በጥጋጥጉ ጥቁር ሻጋታ ይታያል።

የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብም የሚመለከተው ይህንኑ በር ነው። በመሬት ደረጃ የተሠራ፣ ስፋቱ ከ30 ካሬ ሜትር በታች የሆነ፣ ማሞቂያ ካለውም ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ፣ መስታወቱና ኤሌክትሪኩ የደኅንነት መስፈርት ያሟላ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከደንቡ ነፃ ነው፤ ይህ ግን ክፍሉ ከቤቱ በውጭ በር፣ መስኮት ወይም ግድግዳ የተለየ ከሆነ ነው። መለያው ሲፈርስ ነፃነቱም ያከትማል። የግንባታ ፈቃድ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ከአካባቢው አስተዳደር አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

«በብርድ የሚቀዘቅዝ፣ በሙቀት የሚያቃጥል ክፍል ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በጁን ፀሐይዋ በቀትር 62 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ጣሪያው ላይ ስለምትወርድ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል። መፍትሔው ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ከላይ የጋለው የሚወጣበት መስኮት መክፈትና ጥላ ማበጀት ነው፤ ጥላው ከመስታወቱ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ሙቀቱ ሳይገባ ያስቀረዋልና። ለብርዱ ግን ማሞቂያ መደራረብ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ክፍል የሚፈልግ ሰው በቂ መሠረት፣ ግድግዳና ሙቀት የሚይዝ ጣሪያ ያለው ተጨማሪ ክፍል ቢያሠራ ይሻለዋል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ርካሽ ነው ብሎ መሠረቱን ማሳነስም ያስጠይቃል፦ የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ሸክላማ አፈር እንደ ዋልካ በደረቅ ወራት ይኮማተራል፣ በዝናብ ያብጣል፤ መሠረቱ ጥልቀት ያነሰው ክፍል ከነባሩ ግድግዳ ተላቆ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

የመስታወት ክፍል በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ወራት፣ በቀንም የተወሰኑ ሰዓታት ነው የሚያገለግለው። ፀሐይ በምትናፈቅበት አገር ግን በነፋስና በውርጭ መካከል ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ይህንንም ያለ ነዳጅ ይሰጣል። እንግሊዝ አገር ቤት ገዝታችሁ ይህን ክፍል ለማሠራት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ሠራተኛው «በሩን እናንሣው፣ ቤቱ ይሰፋል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። በሩ በቦታው ይቆይ።